የሦስት ወር ክፍያ አስቀድማችሁ ለከፈላችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

በመስከረም፣ በጌም ቤታችን ለምትጫወቱት የኦንላይን ጌም የሦስት ወር ሰብስክሪፕሽን (የመጫወቻ ክፍያ) በአንድ ጊዜ ክፈሉ ብለን የመከርናችሁ እኛ ነን። «ትልቁ አፕዴት እየመጣ ነው፣ ምንዛሪው ሳይጨምር ያዙት» የሚል ወረቀት በራችን ላይ ለጥፈን ነበር። ሃያ ስድስት ሰው አምኖን ከፈለ። አፕዴቱም (ጌሙ ላይ የሚጨመረው አዲስ ክፍል) መጣ፣ ግን ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅሬታችሁን እየሰማን «እኛ ጌሙን አልሠራነውም» ብለን ስንመልስላችሁ ከረምን። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱን የለጠፍነው እኛ ነን። ስለዚህ ላልተጫወታችሁባቸው ወራት የከፈላችሁትን እንመልሳለን። አመላለሱን ከታች ጽፈናል። ከዚያ በፊት የሆነውን እንደሆነ መናገር አለብን፤ ነገሩ ለምን ደጋግሞ እንደሚከሰትም ብታውቁት ለሚቀጥለው ውሳኔያችሁ ይጠቅማችኋል።

የጌሙን ስም እዚህ አንጽፍም። የምትጫወቱት ታውቁታላችሁ።

አፕዴቱ 41 ጊጋባይት ነበር። ማታ 5 ሰዓት ላይ፣ ኔቱ ሲቀል ጠብቀን፣ በአንድ ኮምፒውተር ማውረድ ጀመርን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ተመልሶ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ሲነጋጋ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወደ ሌሎቹ አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች አዞርነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ያን ቀን ጠዋት የነበረውን ደስታ አንረሳውም፤ በዓል ነበር የሚመስለው።

ከሳቢያን ሰፈር የሚመጣ አንድ ወጣት ደንበኛችን ከማራገቢያው ሥር ያለችውን ቦታ ያዘ። ፈተናውን ጨርሶ ለዚች ቀን ብሎ ሲቆጥብ የከረመ ልጅ ነው። 7 ሰዓት ላይ፣ ከተማው ለሙቀቱ በሩን ሲዘጋ፣ አዲሱን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ጨርሶት ነበር። አዲሷን ደሴት ዞሯት፤ አውሬዎቹ አምና የገደልናቸው ናቸው፣ ቆዳቸው ሰማያዊ ተቀብቷል። ቦሱ (በመጨረሻ የሚገጥመን ትልቁ ጠላት) አንድ ብቻ ነው፣ የሚያደርገውም ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱንም ከሌሎች ቦሶች እናውቃቸዋለን። የቀረው ዴይሊ (በየቀኑ የሚደገም ሥራ) ነው፦ አሥር ሣር ልቀም፣ ስምንት አውሬ ግደል፣ ተመለስ፣ ነገም እንዲሁ። ልጁ የደረሰኙን ጀርባ ገልብጦ በእስክሪብቶ አሰላ። አዲሱ ልብስ 1,500 ነጥብ ይፈልጋል፣ በቀን የሚገኘው 75 ነው። «ሃያ ቀን ያንኑ ሣር ልለቅም ነው?» አለ። ከጎኑ የነበረው ጓደኛው ደግሞ «አቦ፣ ይኼ እኮ ገራባ ነው» አለ።

ድሬ ላደገ ሰው ይህችን ቃል ማብራራት አያስፈልግም። ጥሩ ጥሩው የጫት ቅጠል ተለቅሞ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ነው ገራባ። ዘለላው ትልቅ ሊሆን ይችላል፣ የሚቃም ነገር ግን የለውም። እኛም አፕዴቱን በጊጋባይት ለክተን ነው «ትልቅ» ያልነው። ከ41 ጊጋው አብዛኛው የጠራ ምስልና ድምፅ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። አንድ ተጫዋች ሐሙስ ማታ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው የደሴቷ ስፋት አይደለም። አስቦ የሚፈታው አዲስ ነገር፣ ከጊልዱ (አብሮት ከሚጫወተው ቡድን) ጋር አምስቴ ወድቆ በስድስተኛው የሚያልፈው፣ ካለፈ በኋላም ካራክተሩ (የሚጫወትበት ገጸ ባሕርይ) ላይ የሚቀር ለውጥ ነው።

በዚያው ሳምንት ለልጃቸው የሚከፍሉ አንድ አባት መጡ። ሰላምታ ሰጥተውን፣ ሻይም ጠጥተው፣ ቀስ ብለው ጠየቁን። «ልጄ በአንድ ቀን ጨረስኩት አለኝ። እንግዲህ የቀረው የሁለት ወር ክፍያ የምንድን ነው?» መልስ አጣንላቸው። ይህ ደብዳቤ ለእሳቸውም መልስ እንዲሆን ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። የወርሃዊ ክፍያ ጌም የሚኖረው ሰው በየወሩ ሲከፍል ነው። አዲስ ሬይድ (ጊልድ ተባብሮ የሚያልፈው ትልቅ ፍልሚያ) ለመሥራት ሠዓሊው፣ ድምፅ ሠሪው፣ ቦሱን የሚያስበው፣ ስሕተት የሚፈትሸው ሰው ሁሉ ወራት ይደክማሉ፤ ጎበዝ ጊልድ ደግሞ በሳምንት ይጨርሰዋል። ድግስ የደገሰ ሰው የሚለፋበትንና የሚበላበትን ጊዜ ልዩነት ያውቃል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ያለችውን ይለጥጧታል፦ የሳምንት ገደብ፣ የቀን ነጥብ፣ «ቀጣዩ ክፍል ማክሰኞ ይከፈታል»። ልኩን ሲጠብቅ ክፋት የለውም፤ ሥራ ያለው ሰውም ከተማሪው እኩል እንዲራመድ ያደርጋል። ልኩን ሲያልፍ ግን የቀን መቁጠሪያውን እንጂ ጌሙን አትጫወቱም። የእናንተ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው፣ ልክም ናችሁ።

ቅሬታው የድሬ ልጆች ብቻ አይደለም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የተባለው ጌም በኅዳር 2014 ዋርሎርድስ ኦቭ ድሬኖር የተባለውን ማስፋፊያ (ትልቅ ተጨማሪ ክፍል) ሲያወጣ የሚከፍለው ሰው ከ10 ሚሊዮን አልፎ ነበር። በየካቲት 2015 የመጣው ፓች (አፕዴት) ግን ብዙዎች የሚያስታውሱት በአንድ ነገር ነው፦ ካራክተሩ ራሱን ፎቶ የሚያነሳበት የሰልፊ ካሜራና ፎቶውን ትዊተር ላይ የመለጠፊያ መንገድ። በመጋቢት መጨረሻ የከፋዮች ቁጥር ወደ 7.1 ሚሊዮን፣ በሰኔ መጨረሻ ወደ 5.6 ሚሊዮን ወረደ። የዚያ ዘመን የመጨረሻው ትልቅ ፓች በሰኔ 2015 ወጣ፤ ቀጣዩ ማስፋፊያ ሌጅን የደረሰው በነሐሴ 2016 ነው። አሥራ አራት ወር! ኩባንያውም በዚያው በ2015 መጨረሻ የከፋዮችን ቁጥር ማሳወቁን እንደሚያቆም ተናገረ። ሰው በእግሩ ድምፅ ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚሰጠው።

ኢቭ ኦንላይን ላይ ደግሞ ነገሩ ሰልፍ ድረስ ሄደ። ጌሙ የጠፈር መርከብ ጌም ነው። በሰኔ 2011 ኢንካርና የሚባለው አፕዴት መጣና ተጫዋቹ ከመርከቡ ወርዶ የሚገባባት አንዲት ክፍል ሰጠው። ሶፋ አለ፣ ስክሪን አለ፣ የሚያገኘው ሌላ ሰው ግን የለም። በዚያው ጊዜ 60 ዶላር ገደማ የሚያወጣ የአንድ ዓይን መነጽር ለካራክተር መሸጫው ላይ ተሰቀለ። ተጫዋቾቹ ጌሙ ውስጥ ጂታ በተባለችው የንግድ ማዕከል በመቶዎች ተሰብስበው እዚያ የቆመውን ሐውልት በመርከባቸው ይተኩሱበት ጀመር። በጥቅምት የኩባንያው ኃላፊ ለተጫዋቾች የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። በኅዳር ክሩሲብል የተባለው አፕዴት ሲመጣ ሠሪዎቹ ወደ መርከቦቹ ተመልሰው ሰው ለዓመታት ሲያማርርባቸው የነበሩ ብዙ ትንንሽ ነገሮችን አስተካከሉ። ያ አፕዴት እስከ ዛሬ በደግ ይነሳል። ትንሽ ነው፣ ግን ጥልቅ ነው፤ ሰው የጠየቀውን መለሰ።

ከሁሉ በላይ ትምህርት የሆነን ፋይናል ፋንታሲ 14 ነው። በ2010 ሲወጣ ስላልተሳካ ኩባንያው ወርሃዊ ክፍያውን አቁሞ ጌሙን እንደገና ሠራውና በ2013 መለሰው። በታኅሣሥ 2021 አዲሱ ማስፋፊያ ሲወጣ ወደ ጌሙ ለመግባት የነበረው ወረፋ ለሰዓታት ስለቆየ ለከፋዮች በድምሩ 21 ቀን በነፃ ጨመረ። የጌሙ ዳይሬክተር ናኦኪ ዮሺዳ ደግሞ የምትጫወቱት ሲያልቅ ክፍያችሁን አቁሙና ሌላ ነገር ተጫወቱ፣ አዲስ ፓች ሲመጣ ተመለሱ ሲል በግልጽ ተናግሯል። ከእያንዳንዱ ወር ክፍያ የሚኖር ሰው ይህን ካለ፣ እኛ መሐል የቆምነው ሻጮች የሦስት ወር አስቀድሞ የማስከፈል ምን ምክንያት አለን? (እግረ መንገዳችንን፦ እዚያ ጌም ውስጥ ቤት የገዛችሁ፣ 45 ቀን ሳትገቡበት ከቀራችሁ ቤቱ ሊፈርስ ይችላል። ክፍያ ከማቋረጣችሁ በፊት ይህችን አስቡ። አንድ ደንበኛችን ባለማወቅ አጥቶታል፣ እኛም አልነገርነውም ነበር።)

ለእኛ አገር ተጫዋች ነገሩ እጥፍ የሚከብደው በገንዘቡ ነው። 15 ዶላር ወርሃዊ ክፍያ ለአሜሪካ ልጅ ከዓመት ዓመት ያው 15 ዶላር ነው። ለእኛ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ዋጋ 855 ብር አካባቢ የነበረው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከ1,700 ብር በላይ ሆኗል። አፕዴቱ እጥፍ አልሆነም። ሰርቨሩ (ጌሙ የሚሠራበት ዋናው ኮምፒውተር) አሁንም ባሕር ማዶ ነው፤ ኢቭን የሚጫወት ሰው በኔት ለንደን ድረስ ነው የሚመላለሰው። ዋጋው ሲጨምር ፈርተን ነው «አሁን ያዙት» ያልናችሁ፤ ፍርሃቱ እውነት ነበር፣ ምክሩ ግን ስሕተት ነው። ያልታየ አፕዴት ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ እኛ ደግሞ ወተቷን አስቀድመን ሸጥንላችሁ። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለ ገንዘቡ። የክፍያ ኮዱን በየወሩ ነው የምናስገባላችሁ፣ ስለዚህ ያልገቡት ኮዶች እኛ ዘንድ አሉ። በከፈላችሁበት ዋጋ፣ ሳንቲም ሳንቆርጥ፣ በቴሌብር ወይም በእጅ እንመልሳለን። ደረሰኝ የጠፋባችሁ አትጨነቁ፣ መዝገባችን ላይ ስማችሁ አለ። አንዳንዶቻችሁ «ኮዱ በድሮው ዋጋ የተገዛ ስለሆነ ይቆይልኝ» ብላችሁናል፤ እሱም ይቻላል፣ ስማችሁ ተጽፎበት ይቀመጣል፣ በፈለጋችሁት ወር ታስገቡታላችሁ።

ከእንግዲህ ከአንድ ወር በላይ አስቀድመን አንቀበልም። አዲስ አፕዴት ሲመጣ ሁለቱ ሠራተኞቻችን በእኛ ወጪ ሦስት ቀን ይጫወቱታል፤ ከዚያ ያዩትን በበሩ ላይ እንለጥፋለን፦ ታሪኩ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ አዲስ ቦስ ስንት ነው፣ ስንቱ ዴይሊ ነው፣ ስንቱስ ቀለም የተቀባ ድሮ ነው። ባዶ ከሆነ ባዶ ነው ብለን እንጽፋለን፣ ያ ወር ባንሸጥም። ይህ ገቢያችንን እንደሚቀንሰው እናውቃለን። የቤት ኪራዩን የምንከፍለው ግን ነገም ተመልሳችሁ ስትመጡ ነው።

በዚህ መሐል ባዶ እጃችሁን አትቀመጡ። ፋይናል ፋንታሲ 14 እስከ ሌቭል 70 ያለ ክፍያና ያለ ቀን ገደብ ይጫወቱታል፤ ከእናንተ ብዙው ገና እዚያ አልደረሰም። ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍትም እስከ ሌቭል 20 በነፃ ነው። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ በደካማ ኮምፒውተርም በስልክም ይሠራል፣ ያለ ክፍያ የሚጫወቱት ክፍልም አለው። እሱን የምንወደው በሌላ ምክንያት ጭምር ነው፦ ትልልቅ ለውጦች ወደ ጌሙ የሚገቡት ከፋይ ተጫዋቾች ድምፅ ሰጥተውባቸው ነው። ሠሪዎቹ ያሰቡትን ያቀርባሉ፣ ተጫዋቹ አልፈልግም ካለ ይቀራል። ግራፊክሱን አይታችሁ አትናቁት፣ አንድ ሳምንት ሞክሩት።

የሐሙስ ማታ ሬይድ እንዳለ ይቀጥላል። አፕዴቱ ባዶ ቢሆንም የቆዩትን ሬይዶች ያላዩ አዲስ ልጆች ስላሉ፣ የቆያችሁት እየመራችሁ ታስገቧቸዋላችሁ፤ ለመሪዎቹ የዚያ ምሽት የሰዓት ክፍያ በእኛ ነው።

ገንዘብ መመለሱ ከሰኞ ጀምሮ ነው፣ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ። ለልጆቻችሁ የከፈላችሁ ወላጆች ራሳችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል። ልጁን ብትልኩትም ደውለንላችሁ ሳናረጋግጥ አንሰጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጌም ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች