እማዬ፣ መለኪያውን ከካርቶኑ አውጪው

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ትልቁ በቁመት አልፎኛል። ትንሿ ሁለተኛ ጥርሷ ወለቀ፤ ጣሪያ ላይ ይጣላል ብዬ ነግሬያት፣ የምንኖረው ፎቅ ላይ ስለሆነ ጣሪያው የማን እንደሆነ እስካሁን እየተከራከርን ነው። አቡነ ዘበሰማያትን እስከ መጨረሻው ትላለች፣ አነጋገሯ የፈረንጅ ቢሆንም።

ይሄን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናውን ነገር ለመሸሽ ነው።

እህቴ ነገረችኝ። ቅዳሴ ላይ ላብ አጥምቆሽ፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ደግፈው አወጡሽ አሉ። ስኳርሽን ሲለኩሽ 54! ጠዋት መርፌውን ተወግተሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምሺ። ከ70 ከወረደ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ቅመሺ ብዬ ስንቴ ነው የነገርኩሽ? የላክሁልሽ የስኳር መለኪያም ቁም ሳጥኑ ላይ ከነካርቶኑ ተቀምጧል አሉ። "ፍልሰታን ሕፃናት እንኳን ይጾሙታል" ብለሻታል። ሕፃናት ኢንሱሊን አይወጉም እኮ እማዬ። የንስሐ አባትሽም በቃሽ ብለውሻል።

ይቅርታ፣ ተቆጣሁ። ቁጣው ግን የዛሬ ብቻ አይደለም።

ቁልቢ የሄድሽ ጊዜ 11 ዓመቴ ነበር። ለታኅሣሥ 19 ለመድረስ የስለቱን ጃንጥላ ይዘሽ በአውቶቡስ ተነሳሽ። ስለቱ ለወንድሜ ነበር። በማግስቱ የወር አበባዬ መጣ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልሞት ነው ብዬ ቀሚሴን ተደብቄ አጠብኩ። አሮጌ ነጠላ ቀድዳ የሰጠችኝ ጎረቤታችን ናት። አንቺ ስትመለሺ ግንባሬ ላይ እምነት ቀባሽኝ፣ ጸበል ረጨሽኝ፣ "ምን ሆነሻል?" ግን አላልሽኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገብርኤል ቀናሁ። በመልአክ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

የሚገርመው አሁን፣ በ46 ዓመቴ፣ የሚያምረኝ ያንቺው ጸሎት ነው። እዚህ ቨርጂኒያ እሁድ እሁድ አስቀድሳለሁ፤ ልቤ ግን መኪናዬን ያቆምኩበት ነው ያለው። ውዳሴ ማርያም ስልኬ ላይ አለ፣ ግማሽ ሳልደርስ ሜሴጅ ይገባል። አንቺ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተሽ፣ ጧፉን ለኩሰሽ ግድግዳውን ተደግፈሽ ስትቆሚ፣ ከማን ጋር እንደምታወሪ ታውቂ ነበር። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ አይሽ ነበር። እዚያ እንዴት ነው የሚደረሰው? ሰሎሞን ገባዖን ላይ ምን ልስጥህ ሲባል ረጅም ዕድሜ አልለመነም፣ አስተዋይ ልብ ነው የለመነው ትይን ነበር። ሞከርኩት። ጥበብ ስጠኝ ብዬ እጀምርና አፌ ወደ ዕድሜ ይሄዳል። ወዳንቺ ዕድሜ።

ባለፈው ስደውል የረቡዕን ዳዊት እየደገምሽ ነበር፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ጠብቂ ብላኝ ሰማሁሽ። "በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ" ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ዝቅ አለ። የምትለምኚው እሱን ነው ወይስ እኛን?

በይ መለኪያውን አውጪው፣ ቁጥሩን ልጅቷ ታንብብልሽ። ዓይንሽ ፊደሉን እንቢ ካለ ደግሞ ዳዊቱን እኔ ላንብብልሽ። ሰኞ በናንተ ማታ 2 ሰዓት፣ የምሳ እረፍቴ ላይ እደውላለሁ። የሰኞው ዳዊት ረጅም ነው፣ 30 መዝሙር ነው፤ ስለዚህ በልተሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ