የሥርዓተ አምልኮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አንድ ሰዓት ላልሞላች ዑደት

እውነቱን ለመናገር ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የደከመው አንድ ሰዓት ላልሞላ የእግር ጉዞ ነው። በክርስቶስ ቅዱስ ሥጋና ደም በዓል የካቶሊክ ቁምስናችን (የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን) ቅዱስ ቁርባንን ይዞ ለዑደት ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ በቀለም ምንጣፍ ማስጌጥ የእኛ ድርሻ እንዲሆን ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ጠየቅን፤ ተፈቀደልን። 23 አባላት ነበሩን። የምንገናኘውም ሐሙስ ሐሙስ ነበር።

ሐሙስን የመረጥነው በአጋጣሚ አይደለም። ቅዱስ ቁርባን የተመሠረተው በጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ነገር ግን ያ ምሽት የስቅለት ዋዜማ ስለሆነ ደስታውን ሐዘን ይጫነዋል። ስለዚህ ከቅድስት ሥላሴ እሑድ ቀጥሎ ያለው ሐሙስ፣ ማለትም ከትንሣኤ 60 ቀን በኋላ፣ ለብቻው በዓል ሆነ። ሐሙሱ የሥራ ቀን በሆነባቸው ብዙ አገሮች በዓሉ ወደ ተከታዩ እሑድ ተዛውሯል፤ እኛም የምናከብረው እሑድ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በታሪክ አለፈ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቤልጂየም በሊየዥ ከተማ አጠገብ የምትኖር ዩሊያና የምትባል መነኩሲት ሙሉ ጨረቃን፣ ግን አንድ ጥቁር ጉድለት ያለባትን፣ በራእይ ታይ ነበር። ጉድለቱን የተረዳችው ቤተ ክርስቲያን እንደጎደላት በዓል አድርጋ ነው። የሊየዡ ጳጳስ ሮበርት በ1246 በዓሉ በሀገረ ስብከታቸው እንዲከበር አዘዙ፤ በዚያው ዓመትም አረፉ። ዩሊያና ከገዳሟ ተሰድዳ በ1258 ሞተች። ቀድሞ የሊየዥ ሊቀ ዲያቆናት የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ አራተኛ ደግሞ በነሐሴ 1264 በዓሉን ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን አወጁና ሁለት ወር ሳይሞላ አረፉ። አዋጁ እንደገና ነፍስ የዘራው በዛሬዋ ፈረንሳይ ቪየን ከተማ በ1311 እና 1312 በተካሄደው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ዘመን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ስጨርስ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ «ታዲያ በዓሉ ዓለምን ሲዞር አንዳቸውም አላዩትም ማለት ነው?» አለች። ሌላ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም።

ስለ ሌሎች አገሮች ስንነጋገር ግን ዝም የሚል ጠፋ። በኦስትሪያዋ ሃልሽታት ዑደቱ ሐይቅ ላይ በጀልባ ይደረጋል። በፔሩዋ ኩስኮ 15 የቅዱሳንና የእመቤታችን ሐውልቶች በሰው ትከሻ ወደ ካቴድራሉ ይመጣሉ። በቬኔዝዌላ የሰይጣን ጭምብል ያጠለቁ ጨፋሪዎች በቅዱስ ቁርባን ፊት ይንበረከካሉ። ወንዶቹ ይህን የመጨረሻውን እንድንሞክር ሁለት ሳምንት ለመኑኝ። እኛ የመረጥነው የጣሊያኗ ጄንዛኖ መንገዷን በአበባ የምታነጥፍበትን ልማድ ነው፤ አበባው ስለማይበቃን ሰጋቱራ ቀለም ነክረን አደረቅን። የፈተናው ፕሮግራም ልክ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት መውደቁን እዚህ አላነሳም።

ዜማው ከምንጣፉ ይልቅ አስቸገረን። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ለዚህ በዓል እንደደረሰው ከሚታወቀው ረጅም መዝሙር የመጨረሻዎቹን ሁለት አንቀጾች፣ በላቲን «ታንቱም ኤርጎ» የሚለውን፣ ለመልመድ ብቻ አምስት ሐሙስ ፈጀብን።

በዕለቱ ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ተገኘን። መሀል ላይ ጽዋና ኅብስት፣ ዳር ዳሩን የወይን ሐረግ አነጠፍን። 2 ሰዓት ሲሆን ነፋስ ተነሣና የሐረጉን ግማሽ ወሰደው። ሰጋቱራው ላይ ውኃ ማርከፍከፍ ነበረብን፤ ያንን ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ረስቼዋለሁ። ልጆቹ ሳያማርሩ በጉልበታቸው ተንበርክከው መልሰው ሠሩት።

ከቅዳሴው በኋላ መስቀልና ሻማ ቀደመ፤ በዚያ ዓመት መጀመሪያ የቆረቡ ሕፃናት አበባ እየበተኑ ተከተሉ፤ ከዚያ ዕጣኑ፣ ከዚያ ድባቡ። የድባቡን አራት ምሰሶ የያዙትን ልጆች በቁመት አላመጣጠንኩም ነበርና ድባቡ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ እንዳዘመመ ሄደ። ካህኑ በትከሻቸው በተደረበው ጨርቅ እጃቸውን ሸፍነው፣ በዚያው ቅዳሴ የተቀደሰውን ኅብስት ባለ ጨረሩ ማሳያ ውስጥ ይዘው ነበር። እጃቸውን የሚሸፍኑት ቡራኬው የእሳቸው አለመሆኑን ለማሳየት እንደሆነ ተማሪዎቹ ለወላጆቻቸው በሹክሹክታ ሲያስረዱ ሰማሁ።

ጽዋውን የሠራችው ተማሪ ከበዓሉ በፊት፣ «ካህኑ ዳር ዳሩን ቢሄዱስ?» ብላ ለምናኝ ነበር። ምንጣፍ የሚነጠፈው ሊረገጥ መሆኑን፣ ይህኛው ላይ ግን ቅዱስ ቁርባንን ከያዙት በስተቀር ማንም እንደማይሄድ ነገርኳት። አኮረፈች። ካህኑ መሀል መሀሉን ሄዱ፤ ሌላው ሁሉ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ቡራኬው አልቆ፣ መዝሙሩ ተዘምሮ፣ መጥረጊያ ይዘን ስንመለስ ዙሪያውን ጠረግን። ጽዋው ላይ ያረፉትን ሁለት የጫማ ዱካዎች ግን እስኪመሽ ድረስ አላስነካችንም።