ቆቤን ብቻ አንሱልኝ

ሰላም ወንድሜ፣

«እንዴት ነህ» ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ። ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው ድንገት ብቅ ብሎ «እንዴት ነህ» ሲል ያስቃል። በቃ ጠፋሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልልህም፤ ሥራማ ለሁሉም በዝቷል።

እውነቱን ልንገርህ። ጋሼ፣ አባትህ፣ ያረፉ ጊዜ መርዶውን በማግስቱ ነው የሰማሁት። ስልኩን አነሳሁ፣ ቁጥርህን አወጣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ሰው በስልክ እንዴት ለቅሶ ይደርሳል ብዬ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብዬ ድምፅ ቀዳሁ፤ መልሼ ስሰማው የዜና አንባቢ መሰልኩ፣ ደመሰስኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ አለፈ፣ ሳምንት አለፈ፣ ሰባቱ፣ አርባው። ከአርባው በኋላ ደግሞ በየት ፊቴ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ እዚህ ስዊድን ውስጥ አንዲት የባሕር ኃይል ከተማ ሄደን ነበር። ካርልስክሮና ትባላለች። የባሕር ኃይል ሰው አልነበሩ ጋሼ? ሁለቱንም ቀን አብረውኝ የሚሄዱ ነው የመሰለኝ።

ከማልሞ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ይባላል እንጂ እኛ አምስት ሰዓት ፈጀብን። መስመሩ ላይ ጥገና አለ ብለው መሀል መንገድ አውርደው አውቶቡስ ላይ ጫኑን። ሚስቴ አኮረፈች፣ ትንሿ ልጃችን ተኛች፣ እኔ በመስኮት ላሞች ቆጠርኩ። ዝርዝሩን እለፈው።

ከተማዋ ትንሽ ናት፣ 40 ሺህ ሰው አይሞላትም። በደሴቶች ላይ ነው የተሠራችው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ በድልድይ ትሻገራለህ። የት ብትዞር ከመንገዱ ጫፍ ላይ ውሃ አለ። የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1680 ነው፣ በንጉሥ ካርል 11ኛ ትእዛዝ። ምክንያቱን ጋሼ ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር። ስዊድን ያን ጊዜ ዋናው መርከቧ ሁሉ ስቶክሆልም ነበር የሚቆመው። ክረምት ሲመጣ ባሕሩ በረዶ ይሆናል፤ መርከቦቹ ጭቃ ውስጥ እንደተቀረቀረ መኪና ይቀራሉ። ደቡብ ላይ ግን በረዶው ቀድሞ ይለቃል፤ ጠላታቸው ዴንማርክም እዚያው አጠገብ ናት። አካባቢው ራሱ ከዴንማርክ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1658 ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ደሴቷን አየና «እዚህ!» አለ።

ችግሩ ደሴቷ ባለቤት ነበራት። አንድ ገበሬ። አልሸጥም አለ። ታሪኩ እንደሚነገረው ንጉሡ አሠረውና እስኪሸጥ ድረስ እስር ቤት አቆየው። መሬት መወሰድ የትም አገር አንድ ነው አልኩ በሆዴ።

አሁን ያቺ ከተማ እንዳለች ቅርስ ሆናለች። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ አለች። ግን እንደ ሙዚየም የደረቀች አይደለችም። ባሕር ኃይሉ አሁንም እዚያው ነው። ግራጫ መርከቦች ቆመው ታያለህ፣ አጥሩ ላይ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል፣ ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ ሰው አይስክሬም ይልሳል። መሀል ከተማ ያለው አደባባይ ለዚያች ከተማ አይመጥንም። ትልቅ ስልህ፣ ወታደር ሊሰለፍበት ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ሁለት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ተፋጥጠውበታል፣ መሀሉ ላይ የንጉሡ ሐውልት አለ፣ የቀረው ነፋስ ነው። የሚስቴን ነጠላ ሊወስደው ነበር።

ቅዳሜ ምሳ ባሕር ዳር ተቀምጠን የተጠበሰች ትንሽ ዓሣ ከተፈጨ ድንች ጋር በላን። ዓሣዋ ጥሩ ነበረች፣ ግን ዝም ያለች ምግብ ናት። ሚስቴ ከቦርሳዋ በፌስታል የተቋጠረች ሚጥሚጣ አወጣች። ዓሣዋ መናገር ጀመረች።

ከሰዓት ሙዚየም ገባን። ሙዚየሙ ያለበት ደሴት እስከ ቅርብ ጊዜ ወታደር ብቻ የሚገባበት ነበር፤ ዛሬ ሰው ይኖርበታል፣ ልጆች ይዋኙበታል። ውስጡ ሙሉ ሰርጓጅ መርከብ አለ። «ኔፕቱን» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ውሃ ላይ የወረደ። ገብተህ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ትችላለህ። እኔ ሁለቴ ጭንቅላቴን መታሁ። አልጋዎቹን ብታይ! ተኝተህ በጎንህ ብትዞር ትከሻህ የላይኛውን አልጋ ይነካል። ጋሼ «መርከብ ላይ ያንተ የሚባል ነገር አልጋህና ቆብህ ብቻ ነው» ይሉን የነበረው ትዝ አለኝ። እውነትም ሌላ ማስቀመጫ የለም።

እዚያው የአንድ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1981 ከዚህ የባሕር ኃይል ሰፈር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ቀረ። ሊሰልል መጣ የተባለው መርከብ በጠዋት ከውሃ በላይ ቁጭ ብሎ ተገኘ። አቅጣጫ መጠቆሚያችን ተበላሽቶ ነው አሉ። አስበው፣ ያን ሁሉ ደሴትና ጠባብ ውሃ በስህተት አልፈው! ዓለም ሁሉ እየሳቀና እየፈራ 10 ቀን ገደማ ከቆየ በኋላ ነው ጎትተው ያስወጡት። የመርከቡ ዓይነት በምዕራባውያን ዘንድ «ዊስኪ» ይባል ስለነበር ቀልዱ እስከዛሬ አላባራም።

ከሙዚየሙ ስንወጣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እዚህ ላረጁ መርከቦቻቸው ቤት ሠርተውላቸዋል። የጋሼ መርከብ፣ «ኢትዮጵያ»፣ በ1983 ዓ.ም. ሸሽታ የመን ገባች፤ በኋላም እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጋሼ ይህን ሲያወሩ አያዝኑም ነበር፣ አስታወስክ? ሞተሩን ነበር የሚያወሩት። የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የትኛው በመዶሻ እንደሚመታ። መርከቧ የተሸጠች ሳይሆን ጋራዥ የገባች ነበር የምትመስለው።

እሁድ ጠዋት ጀልባ አመለጠን። በአንዲት ደቂቃ! ቢጫ ጀልባ ናት፣ መኪናም ሰውም ትጭናለች፣ አስፖ ወደሚባል ደሴት በነፃ ታደርሳለች። አዎ፣ በነፃ፤ እንደ መንገድ ነው የሚቆጥሯት። ቀጣዩን ስንጠብቅ ትንሿ እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረች። እኔም ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ምን ልበልህ፣ ጨው የበዛበት ሾርባ እንኳን አይደለም፣ ጨው የተረሳበት ነው። የባልቲክ ባሕር እዚያ ጋ በአንድ ሊትር 7 ግራም ገደማ ጨው ነው ያለው። ቀይ ባሕር 40 ይደርሳል። ጋሼ «ቀይ ባሕር ዋኝተህ ስትወጣ ፀሐይ ላይ ብትቆም ቆዳህ ነጭ ይሆናል፣ ክንድህን ብትልስ ለወጥ ይበቃል» ሲሉን ውሸት ይመስለን ነበር። ውሸት አልነበረም።

ጀልባዋ ላይ ሆነህ የድሮ ምሽጎቹን ታያለህ፣ በመግቢያው ግራና ቀኝ እንደ ሁለት ዘበኛ ቆመው። ስንመለስ ሚስቴ ገመድ የሚፈተልበትን ቤት ማየት ፈለገች፤ ግቢው የወታደር ስለሆነ ከአስጎብኚ ጋር ነው የሚገባው። ርዝመቱ 300 ሜትር ነው፣ በእንጨት። መርከብ ረጅም ገመድ ይፈልጋል፣ ገመዱ ሲገመድ ደግሞ ተወጥሮ መዘርጋት አለበት፤ ስለዚህ ቤቱ በገመዱ ልክ ተሠራ። እኔ በበኩሌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሄድ ደከመኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በእንጨት የተሠራች ቀይ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ የባሕር ኃይሉ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1685 የተመረቀች። ደጃፏ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ከእንጨት የተቀረጸ፣ ፂማም፣ ትልቅ ጥቁር ቆብ ያደረገ። ሩሰንቡም ይሉታል። ይህ ቅጂው ነው፣ ዋናው ውስጥ ነው ያለው። በመርከብ ሥራ ሲሠራ ታሞ ለልመና የወጣ ድሃ ነበር ይላሉ፤ በአንድ የዘመን መለወጫ ሌሊት በብርድ ደርቆ ተገኘ የሚል ታሪክ አለው። ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው ጽሑፍ «ድምፄ ደከም ያለ ቢሆንም በትሕትና እለምናችኋለሁ፤ ኑ፣ ሳንቲም ጣሉልኝ፣ ግን ቆቤን አንሱልኝ» ዓይነት ነገር ነው። ቆቡን ስታነሳው ሳንቲም ማስገቢያው ጭንቅላቱ ላይ ነው።

ሳንቲም ከየት ይምጣ? እዚህ አገር ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ የለም፣ ሁሉ ነገር በካርድና በስልክ ነው። ኪሴን ፈተሽኩ፣ የሚስቴን ቦርሳ በረበርን፣ ምንም። በመጨረሻ ትንሿ ከኪሷ አንዲት የ10 ክሮና ሳንቲም አወጣች። የጥርሷ ነበረች፤ እዚህ ልጆች የወለቀ ጥርሳቸውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተው ያድራሉ፣ ጠዋት ሳንቲም ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ቅር እያላት ይዛ ቀረበች። እኔ አነሳኋት፣ እሷ ቆቡን አነሳች። አጮልቃ አየችና «አባዬ! ጭንቅላቱ ባዶ ነው!»

እኔ ግን የጋሼ ቆብ መጣብኝ። ሳሎናችሁ ውስጥ፣ ከሬዲዮኑ በላይ ምስማር ላይ የሚሰቀለው። ነጩ። ማንም የማይነካው።

የዚያን ቀን ምሳ ሽሮ ነበር። እናትህ ቡና ሊጠሩ ጎረቤት ሄደው ነበር። በርጩማ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። እጄን አልታጠብኩም። ቆቡን ለሁለት ደቂቃ አድርጌ መስታወት ፊት ሰላምታ ሰጠሁ፣ አንተ ሳቅክ፣ መልሼ ሰቀልኩት። ማታ ጋሼ የሽሮ ጣት አሻራውን አዩ። ተጠየቅክ፣ ዝም አልክ፣ ቀበቶው ባንተ ላይ አረፈ። እኔ በአጥር ቀዳዳ ሰማሁ። በነጋታው ኳስ ስንጫወት አንድም ቃል አላልከኝም። እኔም አላልኩህም። ዕድሜ ልካችንን አላነሳነውም።

ትንሿ ሳንቲሟን ጥላ ቆቡን ስትመልስ አጣመመችው፤ ተጠግቼ አቃናሁት። እንጨቱ ፀሐይ ስለመታው ይሞቃል። ሚስቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ምንም አልኩ። ባቡሩ ላይ ነው የነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ «ለእሱ ንገረው እንጂ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» አለችኝና መስኮቱ ላይ ተደግፋ ተኛች።

እናም ይኸው። ቆቡን ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ። ለጋሼ ሳልነግራቸው አመለጡኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። አንተንም ያጽናህ፤ እያወቅኩ ሁለት ዓመት ዘገየሁ፣ ይቅር በለኝ።

እናትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውስ? ቆቡ አሁን ማን ጋ ነው? ምስማሩ ላይ ከሆነ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። አሻራው ይታይ እንደሆነም እይልኝ፣ ከግራ በኩል ነው፣ ከጠርዙ በላይ።

ቅዳሜ ማታ ባንተ ሰዓት 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካላነሳህ እሁድ ደግሞ እደውላለሁ።

ያንተው፣
የአጥሩ ወዲያ ማዶ ልጅ