የባሕር ዳር ሆቴሎች ውሃቸውን በፀሐይ ያሙቁ

ክቡር አዘጋጅ፦

መብራት ሲጠፋ ቦይለር በናፍጣ ጄኔሬተር ማሞቅ ያሳዝናል። 200 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህን የጣና ዳር ፀሐይ ትችለዋለች።

ስህተት የሚበዛው ገጠማው ላይ ነው። ውሃውን በፀሐይ የሚያሞቀው ፓኔል ወደ ደቡብ ዞሮ 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብል። ፓምፕ በሌለው ዓይነት፣ የሙቅ ውሃው ታንከር ግርጌ ከፓኔሉ አናት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ካላለ ሌሊት ውሃው ወደ ኋላ ይዞርና ጠዋት ቀዝቅዞ ይገኛል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያቀብለው ሮቶ ከሁለቱም በላይ ይቀመጥ። ለሙቅ መስመር ተራ የፒቪሲ ቧንቧ ይለሰልሳል፤ ፒፒአር የሚባለው ሙቅ ውሃ የሚችል የፕላስቲክ ቧንቧ ተዘርግቶ ሙቀት በሚይዝ ስፖንጅ ይሸፈን።

ክረምት ደመና ስለሚበዛ የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፣ ግን በሰዓት መቆጣጠሪያ። ሌሊቱን ሙሉ ካሞቀ ለፀሐይዋ ሥራ አይተርፋትም። የግንባታ ፈቃድ ሰጪውም ጣሪያው ላይ ለፓኔል የሚሆን ቦታ ከፕላኑ ጀምሮ ይጠይቅልን።

የቧንቧ ሥራ ባለሙያዎች፣ ከባሕር ዳር