በጸሎት ብቻ አልተቋቋምነውም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘበትን መጋቢት 4ን አስመልክቶ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ያመለጠኝ ነገር ካለ ብዬ ደግሜ አየሁት። የነርሶች የቴሌግራም ግሩፖች ላይ ሲዞር ስለሰነበተ ሳያየው የቀረ ባልደረባ ያለ አይመስለኝም።

ሆስፒታሎች የነበራቸውን የሚቆጥረው ሰንጠረዣችሁ ያምራል። አልጋ አለ፣ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) አለ፣ ኦክስጅን አለ፣ ጭምብል አለ። ነርስ የለችም። እንዳልዋሽ፣ ወደ ዘገባው መጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ብቅ ብላለች፦ «የጽኑ ሕሙማን ነርሶችም ጫናውን በጸሎትና በጽናት ተቋቁመውታል።» አለቀ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ስለ ጄኔሬተር ነው።

የምጽፍላችሁ ስለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

መጸለዩንማ ጸልየናል። በ2012 ዐቢይ ጾም ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። ፋሲካ ምእመን በሌለበት ቤተ ክርስቲያን አለፈ። ረመዳንም ወዲያው ተከተለ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ መግሪብ ሲደርስ በሽተኛ ላይ ስለነበረች የመከላከያ ልብሱን አውልቃ እስክትወጣ ፆሟን ሳትፈታ ትቆይ ነበር። ግን ጸሎት የፈረቃ ሰሌዳ አይሞላም። ናይት ያደረችን ነርስ ጠዋት አይተካም። ደግሞስ «ሐኪሞቹ በጸሎት አከሙ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ? ቬንቲሌተሩ በጽናት ሠራ ትላላችሁ? እኛ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው ሙያው ቀርቶ ገድል የሚሆነው።

ሰንጠረዡን ላዘጋጀው ሰው ስለ ቬንቲሌተር ትንሽ ልንገረው። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ብቻውን ሰው የሚያድን ማሽን አይደለም። ይጮኻል። ሲጮኽ የሚሮጠው ነርስ ነው። የአየር ግፊቱ ከፍ ካለ በሽተኛው ጉሮሮ ውስጥ የገባው ቱቦ በአክታ ተዘግቶ ይሆናል፣ ታጥፎ ይሆናል፣ ወይም በሽተኛው ነክሶት ይሆናል። ግፊቱ ከወረደ የሆነ ቦታ ተላቋል። የትኛው እንደሆነ በሰከንዶች ውስጥ መለየት አለብሽ። ሰክሽን ታደርጊያለሽ (አክታውን በማሽን ትስቢያለሽ)፣ አፉን ታጸጂያለሽ፣ አይኑ እንዳይደርቅ ታያለሽ፣ ማደንዘዣው ሳያልቅ ትቀይሪያለሽ፣ ጀርባው እንዳይቆስል ታገላብጪያለሽ። ሰዓቱ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሳንባው በጣም የተጎዳ በሽተኛ ደግሞ በሆዱ ይተኛል። ፕሮን እንለዋለን። ቢያንስ 16 ሰዓት እንደዚያ ይቆያል፣ ከዚያ ይመለሳል። ለማገላበጥ አራት አምስት ሰው ያስፈልጋል። አንዷ ራስጌ ቆማ ጭንቅላቱንና ቱቦውን ይዛ ትቆጥራለች፤ ሌሎቹ በእሷ ቆጠራ ያዞራሉ። ቱቦው ከወጣ አለቀ። እኔ ብዙ ጊዜ ራስጌ ነበርኩ። ለዚህ ጽናት ያስፈልጋል፣ እውነት ነው፤ ግን ከጽናት በፊት አራት ሰው ያስፈልጋል።

ኦክስጅኑንም እንየው። ትልቁ ሲሊንደር ከ6,000 እስከ 7,000 ሊትር ይይዛል። በደቂቃ 15 ሊትር ለሚወስድ በሽተኛ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። በደቂቃ 60 ሊትር በሚሰጠው ማሽን ከሆነ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሰንጠረዣችሁ ሲሊንደሩን ቆጥሮታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጌጁን (የቀረውን ኦክስጅን የሚያሳየውን መለኪያ) እያየች «ይሄ እስከ ንጋት አያደርስም» ብላ የምትደውለውን ግን አልቆጠራትም።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ሠለጠኑ በሚባሉት አገሮች ቬንቲሌተር ላይ ላለ በሽተኛ በተለመደው ጊዜ አንድ ነርስ ትመደባለች፤ ቢበዛ ለሁለት አንድ። ለአንድ አልጋ ሌት ተቀን አንድ ነርስ እንድትኖር ሦስት ፈረቃ ያስፈልጋል። የሳምንት ዕረፍት፣ የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲጨመር በአንድ አልጋ ወደ አምስት ነርስ ይጠጋል። አንዷን ለሁለት በሽተኛ ብናደርጋት እንኳ ለአሥር ቬንቲሌተር ሃያ አምስት አካባቢ የሠለጠነ ነርስ ማለት ነው። ማን ሃያ አምስት ነበረው? እኛ ጋ ከዎርድ (ከመደበኛው የሕሙማን ክፍል) የተላኩ ነርሶች ጥቂት ቀን ስልጠና ወስደው ገቡ። አንዳንዶቹ ቬንቲሌተር ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በሽተኛ ላይ ተገጥሞ ነው። ጎበዞች ነበሩ። ግን ይሄ ዝግጁነት ይባላል?

የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ዘገባው ሚሊኒየም አዳራሽ በአጭር ጊዜ የሕክምና ማዕከል መሆኑን ያደንቃል፤ እኔም አደንቃለሁ። ለንደንም እንደዚሁ ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ወደ ሆስፒታል ቀይራ ነበር። እስከ 4,000 አልጋ ታስቦለት፣ ስሙም ናይቲንጌል ተብሎ፣ ሚያዝያ ውስጥ ሳይገባ በመጋቢት መጨረሻ 2012 ተከፈተ። በመጀመሪያው ማዕበል የታከሙበት ሃምሳ ምናምን ሰዎች ናቸው። ከሌሎች ሆስፒታሎች ሊላኩ የነበሩ በሽተኞችን የመለሰበት አንዱ ምክንያት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የጽኑ ሕሙማን ነርስ እጥረት። በታዋቂዋ ነርስ ስም የተሰየመ ሆስፒታል ነርስ አጣ! እንግሊዝ ያን ጊዜ አንዷ የጽኑ ሕሙማን ነርስ፣ ረዳቶች ተጨምረውላት፣ እስከ ስድስት በሽተኛ እንድትይዝ ፈቅዳ ነበር። እነሱ ቢያንስ ቁጥሩን ጽፈውታል።

ወደ ራሴ ልምጣ፤ «ተቋቁመውታል» የተባልኩት እኔ ነኝና።

ውሃ ሳንጠጣ ነበር የምንገባው። ለሽንት ከወጣሽ ልብሱን ታወልቂያለሽ፣ ካወለቅሽው ይጣላል፣ ሌላ ደግሞ የለም። ፊት ስለማይታይ ስማችንን ጋውኑ ላይ በማርከር እንጽፋለን። ያከራዩኝ እትዬ አንድ ቀን በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ጠልቼሽ አይደለም፤ የልጅ ልጆች አሉብኝ» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ ግን ዕቃዬን ይዤ የት ልሂድ? ታክሲ ሰው በግማሽ እየጫነ ዋጋው እጥፍ በሆነበት ሰሞን ባጄን ቦርሳ ውስጥ ደብቄ ነበር የምሳፈረው። የተጋላጭነት ክፍያውማ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። በየስብሰባው ይነሳል፣ «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ነገም እዚያው ነኝ።

ያ ዓመት (እ.ኤ.አ. 2020) በዓለም ጤና ድርጅት የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ተብሎ የተሰየመ ነበር። ግንቦት 4 ደግሞ ናይቲንጌል የተወለደችበት 200ኛ ዓመት። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ስለተከለከለ ኬኩም አልተቆረሰ። መንግሥት ቆጥቧል።

በእርግጥ ያቆመን ምን ነበር? ዘጋቢያችሁ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አንዲት ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ነበረችን። በሽተኛ የሞተባትን ልጅ በዚያው ፈረቃ ሌላ የሚያጣጥር በሽተኛ አትሰጣትም። መጀመሪያ ሻይ ታስጠጣታለች። መመሪያ ላይ የለም፣ ከራሷ ነው። ሰሌዳው ከሳምንት በፊት ሲለጠፍ እንተኛለን፤ ማታ በስልክ «ነገ ግቢ» ስንባል አንተኛም። ቀልዳችንም ነበር፤ እዚህ የማይጻፍ ቀልድ ነው። ስልክ በላስቲክ ጠቅልለን የበሽተኛውን ፊት ቤሩት ላለች ልጁ የምናሳይበት ጊዜም ነበር። እሷ ስታለቅስ ስልኩን የያዘው እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም። ከዚያ በኋላ «እንዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቀ ባለሙያ አልነበረም። ይሄን ሁሉ «ጽናት» ብሎ መጠቅለል ርካሽ ነው። ጽናት በጀት አይጠይቅማ።

አብረውኝ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ ዛሬ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ናቸው። እዚያ ቬንቲሌተር ላይ ሲመደቡ አንድ ወይም ሁለት በሽተኛ ነው የሚሰጣቸው። በድምፅ መልእክት እየላኩ ያስቀኑናል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ዝም እል ነበር። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ተነገረ። በቀደሙት ወረርሽኞች ከያዛቸው ሰዎች ከ24 እስከ 88 በመቶ የገደለ በሽታ ነው፤ የተፈቀደ ክትባት የለውም። ዜናውን በሰማሁ ማታ መጀመሪያ ያሰብኩት «ማን ነው የሚገባው?» ብዬ ነው። መልሱን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ዝግጁነት ላይ ተከታታይ ዘገባ እንደሚኖር ጽፋችኋልና እነዚህን ጠይቁልኝ። በየሆስፒታሉ በአንድ የሌሊት ፈረቃ ቬንቲሌተር ብቻዋን መያዝ የምትችል ነርስ ስንት አለች? እሷ ብትታመም ተተኪዋ ማን ናት? በ2012 የሠለጠኑት ዛሬ የት ነው የተመደቡት? ከመከላከያ ልብስ ጋር ልምምድ የተደረገው መቼ ነው? ውዝፉ ክፍያስ? እኛ ስንጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ነው የሚሉን። ለጋዜጠኛ ምናልባት ሌላ መልስ ያዘጋጁ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ፣ አዲስ አበባ