ይድረስ ለእታለም፤ ባሕር ዳር

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጋሼስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ልጁ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ ሆኖበት፣ ክኒኑን ነጥቃችሁ ክፍል ልትቆልፉበት፣ ከዚያም ዘጌ ጠበል ልታስገቡት አስባችኋል። ጭንቀታችሁ ይገባኛል፤ ግን እባካችሁ ቆዩ። ትራማዶል በአንድ ጀምበር የሚቆም ነገር አይደለም። ሙያዬም ይኸው ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ልኩን እወቁ። ከኪሱና ከፍራሹ ሥር የምታገኙትን ባዶ ስትሪፕ (የክኒን ማሸጊያ) አትጣሉ፤ የሳምንቱን ሰብስባችሁ ቁጠሩት። አንዱ ስትሪፕ ብዙውን ጊዜ 10 ፍሬ ይይዛል፤ አንዷ ፍሬ 50 ሚሊግራም ናት፣ ባለ 100ም አለ፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ባለ 50ውን በቀን 8 ፍሬ ከዋጠ 400 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው፤ ሐኪም ለአዋቂ ሰው ሲያዝ እንኳ በቀን ከዚያ አያሳልፍም። ከዚያ ሲበልጥ እንደሚጥል በሽታ የማንቀጥቀጡ ነገር ይብሳል፤ ባነሰ መጠን የሚጥለውም ሰው አለ። ልጁንም ጠይቁት፤ ግን ጋሼ በተቆጡበት ሰዓት አይሁን። የፈራ ልጅ ግማሹን ደብቆ ይናገራል፣ ሐኪሙም በተሳሳተ ቁጥር ይጀምራል።

ጫቱንም አትርሱት። ቀን ቅሞ ማታ ምርቃናውን ለመስበር የሚወስደው ጨብሲ፣ መጠጡ ማለቴ ነው፣ ይበልጥ የሚያስፈራኝ። ትራማዶል ከአረቄ ወይም ዲያዜፓም ከሚባለው ማስተኛ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ሰው እንደተኛ ትንፋሹ ይዘገያል፤ ሊቆምም ይችላል። ስለዚህ እንቅልፍ አጣ ብላችሁ ከሰፈር መድኃኒት ቤት ማስተኛ እንዳትገዙለት። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድብርት መድኃኒት የታዘዘለት እንደሆነም ትራማዶል እንደሚወስድ ለሐኪሙ ሳይነገር አይጀምር፤ ሁለቱ ሲደራረቡ የመጣሉ አደጋ ይጨምራል።

ድንገት ቢቆም የሚሆነው ይህ ነው፦ በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል አፍንጫው ይፈሳል፣ ያዛጋል፣ ያልበዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ከሁሉ ይከፋል፤ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ እግሩን ማሳረፍ አለመቻል። አብዛኛው ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበርዳል፤ እንቅልፉ ግን ለሳምንታት ላይስተካከል ይችላል። ትራማዶል ከሌሎቹ መሰል ማስታገሻዎች የሚለየው አንዳንዱን ሰው ከባድ ፍርሃት ስለሚለቅበት፣ የሌለ ነገር ስለሚያሳየው ነው። ይህን ያየ ዘመድ «ሰይጣን ነው» ብሎ ያስራል። አትሰሩት፤ ያልፋል፤ ግን ሐኪም ይየው።

ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እዚያ ውሰጂው። ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ለምሳሌ ከ8 ፍሬ ቢጀምር በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፍሬ ሊቀነስለት ይችላል፤ ልኩን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ክኒኑን ቆልፈሽ አንቺ ያዢ፣ በሰዓቱ በእጅሽ ስጪው፣ ሲውጥ እዪው። መጨረሻው ላይ ተጠንቀቁ፦ ከ8 ወደ 7 መውረድ አያስቸግርም፤ ከ2 ወደ 1 መውረድ ግን ግማሹን መተው ነው። ብዙ ቤተሰብ «ይኼማ ምን አላት» ብሎ የሚቸኩለው እዚያ ላይ ነው፣ ሀራራውም የሚመለሰው እዚያው ላይ ነው።

ተቅማጥ ከያዘው ኦ አር ኤስ (በውኃ የሚበጠበጠውን፣ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት) ስጡት። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልሙጥ ተደርጎ ተለክቶ። ጨው አታብዙ።

ቢጥለው በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ነጠላ አድርጉለት፣ ሰዓት እዩ። ክብሪት አታጭሱበት፤ ማንኪያም አፉ ውስጥ አታስገቡ፣ ጥርሱን ይሰብራል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ባጃጅም ይሁን ያገኛችሁት ይዛችሁት ሩጡ። እስኪድን ድረስ ጣና ላይ ብቻውን አይዋኝ፣ ታንኳ አይሳፈር፣ ባጃጅም አይንዳ።

ስለ ጠበሉ፦ አልከለክልሽም፣ እኔም ያደግሁበት ነው። ግን የመጀመሪያው ክፉ ሳምንት ይለፍ፤ ሲጠመቅ ሰው ይያዘው፤ በባዶ ሆድ ብዙ ጠጥቶ እንዲያስመልስ አይደረግ፤ የታዘዘለት መድኃኒትም አይቋረጥ። ዘጌ ሳለ ቢጥለው ጀልባም ሆነ መኪና ተፈልጎ ከተማ እስኪደርስ ሰዓቱ ይሄዳል። ከተማው ውስጥ ቢጠመቅ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ለጋሼም ንገሪልኝ። ልጁ ካቆመ በኋላ ነው ዋናው ጥንቃቄ። ከወር በኋላ ጓደኞቹ አግኝተውት የድሮውን 8 ፍሬ ቢውጥ ሰውነቱ አይችለውም፤ በዚህ የሚሞቱ ብዙ ናቸው። ጠርታችሁት ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ10 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እያጓራ ካንኮራፋ «ይተኛ» አትበሉ። በጎኑ አድርጋችሁ ወዲያው ሆስፒታል፤ ትንፋሹ ከቆመ አፍ ለአፍ እየተነፈሳችሁለት። የዋጠውን ስትሪፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ደግሞም «ብናገር ይገድሉኛል» ብሎ እንዳይደብቅ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ተመልሶ ቢወስድ ለአንቺ መናገር ይቻለው።

ገንዘቡን ከእንግዲህ በእሱ ቴሌብር አልልክም፤ ተቀይሞኝ ይሆናል፣ ይቀየም። ለሕክምናው የሚሆነውን በጋሼ ስም ልኬያለሁ። ለመድኃኒት ሻጭ አለብኝ የሚለውን ዕዳ በእጁ አትስጡት፤ ጋሼ ራሳቸው ሄደው ያጣሩ። ጫማም ልብስም ቢፈልግ አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙለት።

ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የክኒኑንም ቁጥር። እሑድ ማታ እደውላለሁ፤ ልጁ አጠገብሽ ይሁን፣ እሱንም ላናግረው።

ወንድምሽ