ገጽ 48 ላይ ያልነበሩት ሦስት ልጆች

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ተማሪዎች ስለሚከፈቱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። መከፈታቸው ደስ ይላል። ግን እኔ በማስተምርበት 7ኛ ክፍል 64 ልጆች አሉ። አዳሪ የሚገባው ምናልባት አንድ ነው፤ እሱም ከቀናው። የቀሩትስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ። ክላስ ወርኩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ እሱ ጨርሶ ጎኑ ያለውን ልጅ ይነካካል። ስንቴ ከክፍል እንዳስወጣሁት አልቆጥረውም። አንድ ቀን ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ ስንለውጥ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አንድ ሲሶ 0.333 እያለ ማለቂያ ከሌለው፣ ሦስቱ ሲደመር 0.999 እያለ ይሄዳል። ግን ሦስት ሲሶ እኮ 1 ነው። የጎደለችው የት ገባች?» ክፍሉ ሳቀ። እኔም «ወደፊት ትማረዋለህ» ብዬ አለፍኩት። ሰዓት አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር መልሱም ቶሎ አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲያ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። ለነገሩ ከክፍሉ 23ኛ ነበር የሚወጣው።

ሰቃይ ሁሉ ልዩ ተሰጥኦ የለውም፣ ልዩ ተሰጥኦ ያለውም ሁሉ ሰቃይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። በሚኒስትሪ ውጤት ብቻ ከመረጥን ቀለሜውን እናገኛለን። ያኛው ያመልጠናል።

ጎበዝ ልጅ ሲገጥመን ደግሞ የምናውቀው ሁለት ነገር ነው። ወይ የ1 ለ5 መሪ አድርገን ሌሎቹን አስጠና እንለዋለን፤ ደሞዝ የሌለው ረዳት መምህር ማለት ነው። ወይ ሌላ 20 ጥያቄ እንጨምርበታለን። 10ሩን ያለ ስህተት ለሠራ ልጅ ይሄ ቅጣት ነው።

አሁን የማደርገው ቀላል ነገር ነው። ምዕራፍ ስንጀምር ከመልመጃው ከበድ ያሉትን አምስት ጥያቄዎች አስቀድሜ ለሁሉም እሰጣለሁ። አራቱን የመለሰ ያንን ምዕራፍ እኔን እየሰማ አይቀመጥም፤ ኋላ ዴስክ ላይ ሌላ ሥራ ይሠራል። ምንም ያልሞከረውም የዚያኑ ቀን ይታወቀኛል፤ ይሄ እንግዲህ ምርቃቱ ነው።

ዘንድሮ ኋላ የተቀመጡት ሦስት ናቸው። ከባሕረ ሐሳብ፣ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ሰጠኋቸው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ። ድምሩን ለ4 አካፍሉና ቀሪውን ትታችሁ ድርሻውን መልሳችሁ ድምሩ ላይ ጨምሩ። የመጣውን ለ7 ስታካፍሉ የሚቀረው መስከረም 1 የሚውልበትን ቀን ይነግራችኋል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይቀጥላል። የ2018ን ሠሩ፤ 3 ቀረ፣ ሐሙስ። ልክ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። የኔ ጥያቄ ግን «ለምን ይሠራል?» የሚል ነበር። ለምን ለ4? ለምን ለ7? ይሄ ሁለት ሳምንት ወሰደ። አንዷ 365ን ለ7 አካፍላ 1 ሲተርፋት «በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል!» ብላ ስትጮህ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። አላስወጣኋትም።

አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። የኔታ ዘንድ አንዱ ሀ ሁ ሲቆጥር፣ አጠገቡ ያለው ዳዊት ይደግማል። ፊደል የለየ ልጅ ጓደኛው እስኪለይ አይጠበቅም። በአባቶቻችን ጊዜ አስኳላውም ውስጥ ደብል መምታት፣ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል ማለፍ፣ ነበር።

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎታል። 30 ዓመት አለፈው። ባለፈው ሰሞን ሊገመግመኝ የመጣ ሱፐርቫይዘር ሦስቱን ልጆች አይቶ «እነዚህ ለምን ገጽ 48 ላይ አይደሉም?» አለኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ። አንገቱን ነቀነቀና ነጥብ ቀነሰብኝ። አልፈረድኩበትም፤ የያዘው ቅጽ የሚጠይቀው ሁሉም ተማሪ ዕቅዱ ላይ ያለው ገጽ ላይ መሆኑን ነው።

የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም። ቅጹ ላይ አንዲት ረድፍ ትጨመርልን፦ «ምዕራፉን ቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ በዚህ ሰዓት ምን እየሠራ ነው?»

የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር
ከደብረ ማርቆስ